ባለካልሲው ጠርሙስ

«እነዚያ ሁለቱ ከድንኳኑ ይውጡ» አሉ አያ አስናቀው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዝቅ ማድረጋቸው ግን ለይምሰል ነው፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሰምቷል።

ወርቅውሃ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ባንታምላክ ዶካ ወደሚባለው የእርሻ አገር ለሰሊጥ አረም ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰና እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ አረፈ። ዛሬ ሣልስቱ ነው። «ሁለቱ» የተባሉት የጭነት መኪና ሾፌሩ ተሻለና ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ሰፈር የመጣው ኤርትራዊው ተስፋይ ናቸው፤ የሟች የልብ ወዳጆች።

«ምን አጠፉ?» አለች።

«ወርቄ፣ ሰው የሚያውቃቸው በመጠጥ ነው። የእድሩ ሊቀ መንበር ነኝና የሟች ስም በደህና እንዲነሳ እፈልጋለሁ። ጠጪ ነበር እንዳይባል።»

ጠጪ! ወርቅውሃ ሦስት ቀን ሙሉ ስታለቅስ ያልተሰማት ንዴት አሁን ደረቷን ሞላው። «እግዜር ያጽናሽ» እያሉ ጉንጯን የሳሟት ሁሉ ከጀርባዋ ሲያሙት የከረሙ ናቸው ማለት ነው። ባንታምላክ በሻይ ብርጭቆ ከግማሽ አልፎ አያውቅም። እሱ የሚቀምስ ሰው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ተሻለ ከመተማ የጣሊያን ቀይ ወይን ያመጣ ጊዜ ነው። ሱዳን መጠጥ ክልክል ነውና ፍተሻ ፈርቶ ከሞተሩ አጠገብ ወሽቆት ነበር። ሦስቱም ቀመሱና «የጣሊያን ወይን የተቀቀለ ቴምር ይላል» ብለው ፈረዱ። በሌላም ጊዜ ያው ቴምር። ወጣትነቱን አስመራ ቡና ቤት በአስተናጋጅነት ያሳለፈው ተስፋይ «ሐሰት ነው!» እያለ ሲሟገት፣ ባንታምላክ አንድ ቀን ብርጭቆውን አስቀመጠና «ሰዎች፣ እኛ እኮ ወይኑን ቀቅለን ነው የምንጠጣው!» አለ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱ በእህል ጆንያ መሃል ይመጣል፤ መጥቶም ዚር በሚሉት የወርቅውሃ የሸክላ ውሃ ጋን ሥር፣ ጠብታው የሚያርሰው ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ይቀበራል።

የመቅመሱንም ሕግ ያወጣው ባንታምላክ ነው። ጠርሙሱ ካልሲ ይለብሳል። የየት አገር እንደሆነ፣ በስንት እንደተገዛ ሁሉም የቀመሰውን ሳይናገር አይታይም፤ ዋጋ ምላስን ያስፈራራል ይል ነበር። ጠርሙሱን ያለበሰው ሰው መጨረሻ ይናገርና ካልሲውን ያወልቃል። አንድ ጊዜ እጅግ ውድ የተባለውን የፈረንሳይ ወይን «ኮምጣጣ የከርከዴ ሻይ» ብለው ጣሉትና ርካሹን የፖርቱጋል አነገሡት። ተሻለ ዋጋውን ሲሰማ አፈረ። «ምን ያሳፍርሃል?» አለው ባንታምላክ። «እኛንስ ገበያ ላይ በስንት ነው የሚቀጥሩን? ርካሽ ስለሆንን አንረባም?»

ዶካ ሊወርድ ሲል አንዱን ጠርሙስ ራሱ አልብሶ ቀበረ። «የዚህን አገሩንም ዋጋውንም ለማንም አልናገርም። ስመለስ አንቺም ከኛ ጋር ትቀምሻለሽ» አላት።

ወርቅውሃ ከፍራሹ ተነሳች። ለቀስተኛው ውሃ የሚቀዳበት ዚር ሥር ተንበርክካ በእጇ ቆፈረች። ጭቃ የጠጣው ግራጫ ካልሲ ወጣ፤ ተረከዙን የጣፈችው ራሷ ናት።

«በሣልስቱ! ጎረቤት ቢሰማ ፖሊስ ይጠራብናል!» አሉ አያ አስናቀው።

«ይጠራ። ባለቤቴን ጠጪ ካላችሁት አይቀር፣ እንዴት ይጠጣ እንደነበር እዩ። እነዚህ ደግሞ የትም አይሄዱም። ተሻለ፣ ክፈተው።»

ተሻለ ቡሹን ነቀለ። በሻይ ብርጭቆ ለሦስት ተቀዳ። ተሻለ ቀመሰና «ዶቅማ። በደንብ የበሰለ ዶቅማ። ውድ አይመስለኝም፤ ግን ደግሜ እገዛዋለሁ» አለ።

ተስፋይ ዓይኑን ጨፍኖ በምላሱ አንከባለለው። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ይኼ ጣሊያን ነው። ባይሆን እንኳ ጣሊያን ያሳደገው ነው» ሲል ከወዲያ አንድ ሰው ሳቀና ደንግጦ አፉን ያዘ።

ወርቅውሃ ቀመሰች። ባሏ ናፈቃት፤ እዚያው፣ በአፏ ውስጥ ናፈቃት። «ጥቁር አፈር» አለች፣ «የመጀመሪያው ዝናብ የነካው። መጨረሻው ይመራል። አይደብቅም ግን፣ ይመራል።»

አያ አስናቀው ጠጋ ብለው አሸተቱ። ሳያስቡት ይመስላል፣ እጃቸው ወደ ካልሲው ሄደ። «ለመሆኑ የየት አገር ነው?»

ወርቅውሃ እጃቸውን ያዘች።

«ሕግ አለው፣ አያ አስናቀው። ጠርሙሱን ያለበሰው ሰው ገና አልተናገረም።»

ቡሹን መልሳ ወተፈች። ካልሲውን እስከ ጠርሙሱ አንገት ሳበችና ዚሩ ሥር መልሳ ቀበረችው፤ አፈሩንም በመዳፏ ጠቀጠቀችው።