በምክትሉ ሣጥን ውስጥ ያለችው ሴትዮ

ምክትል ሊቀመንበራችን ሙራማትሱ ወደ እሑዱ ስብሰባ ፎቶ ይዞ መጣ። ፎቶው የሰው አይደለም፤ የኮምፒውተሩ ስክሪን ነው። ሰማያዊ መደብ ላይ አንዲት ቢጫ መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዳለች። መስመሯን በቀይ እስክሪብቶ ከቧት፣ ፎቶውን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠና ማንም ሳይጠይቀው፣ «ስም መጥራት አልፈልግም» አለ። ይህን ሲል ዓይኑ ሃጊታ ላይ ነበር።

ማኅበራችን የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ነው። የምንሰበሰበው ወደቡ አጠገብ ባለው የሰፈር አዳራሽ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጫማችንን ከደረጃው ሥር እናወልቃለን። አብዛኞቻችን ጡረተኞች ነን። እኔ ግን ሱቄን አልዘጋሁም፣ ብስክሌት እጠግናለሁ። ሃጊታ ዕድሜዋን በቱና ማቀዝቀዣ መጋዘን የጨረሰች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ጠዋት ከቁርስ በኋላ በተፈቀደላት ሞገድ ላይ ትወጣና ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ቲማቲም ችግኝ ታወራለች። በቃ፣ ኑሮዋ ይኸው ነው።

ሙራማትሱ እንደሚለው ግን ሃጊታ የምትወጣው በራሷ ሞገድ ላይ ብቻ አይደለም። ማሽኗ አርጅቶ ድምፅዋ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ሞገድ ይፈስሳል። ይህ ቀላል ክስ አይደለም። ሞተሩ ባሕር ላይ ቀጥ ያለበት ጀልባ ድረሱልኝ የሚለው በዚያ ሞገድ ነው። የሃጊታ አንድ ልጅ ቶሞሃሩም ከነዚያ ጀልባዎች በአንዱ ላይ ይሠራል።

«ድምፁን ቀድቼዋለሁ» አለ ሙራማትሱ፤ ስልኩን ነካ። የሃጊታ ድምፅ መጣ፣ የቲማቲሟ ቅጠል ለምን እንደሚጠቀለል ስታስረዳ። ከጀርባዋ ሙዚቃ አለ፤ ውሃ ውስጥ የተነከረ አኮርዲዮን ይመስላል።

«ሙዚቃው ምንድነው?» አልኩ።

«ቤቷ ሬዲዮ ከፍታ ይሆናላ።»

«እኔ ሳወራ ሬዲዮ አልከፍትም» አለች ሃጊታ። «ራሴ ሬዲዮ ሆኜ ሌላ ሬዲዮ ምን ያደርግልኛል?»

ሁለት ሰዎች ሳቁ። ምክትሉ ዞር ብሎ ሲያያቸው ሳቁን ሳል አደረጉት።

እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበርነው ሁሉ ነገሩ ገብቶናል። ሙራማትሱ የሚያዳምጥበት መቀበያ አውራ ጣት ታህላለች፤ ኮምፒውተር ላይ ትሰካለች፣ የቀረውን ሥራ ኮምፒውተሩ ይሠራላታል። ለብቻዋ ብዙም የምታኮራ ነገር አይደለችም። የኛ ሰው ፍቅሩ በእሷና በአንቴናው መሐል ከሚገጣጠሙት ትንንሽ ሣጥኖች ላይ ነው። የሚያጎላ አለ፣ የማይፈለገውን የሚያጣራ አለ፣ የሚያዳክም አለ። የክብሪት ቀፎ የሚያክሉ፣ ወርቃማ አፍ ያላቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ባቡር ፉርጎ የሚጠመዱ ናቸው። እነሱን ፍለጋ ቶኪዮ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በሞሉበት አኪሃባራ ጉራንጉር ድረስ የሚሄዱ አሉ፤ ለሚስቶቻቸው የሚነግሩት ግን የጥርስ ቀጠሮ አለብኝ ብለው ነው። ታዲያ ሁሉም የሚገዛው ማጉያ ነው። ማጣሪያ የሚቀንስ ዕቃ ነው፤ የሚቀንስ ዕቃ ደግሞ ለእንግዳ አያሳዩትም። ሙራማትሱ ማጣሪያውን ነቅሎ ጥሎ ሁለት ማጉያ አከታትሎ ጠምዷል። ቤቱ የከተማው ኤፍ ኤም ጣቢያ ምሰሶ ከቆመበት ኮረብታ ሥር ነው።

ማጉያ ከሚችለው በላይ ሲያጎርሱት የገባለትን ያቀላቅላል። የጣቢያው ሙዚቃና የሃጊታ ድምፅ እዚያ ሣጥን ውስጥ ይገናኛሉ፤ ከሁለቱ ሦስተኛ ይወለዳል። ይህ ሦስተኛው አየር ላይ የለም፣ ባሕር ላይ የለም፣ የትም የለም። ስክሪኑ ላይ ግን ከእውነተኛው እኩል ያበራል። አዲስ አባል ሲመጣ ገና ሻይ ሳይቀዳለት የምንነግረው ነገር ይህ ነው።

«ምክትል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አልኩ፤ «ያ ሙዚቃ ከራስዎ ኮረብታ የመጣ አይመስልዎትም? ሁለቱ ማጉያዎች...»

ሊቀመንበራችን ኢዋሴ መዳፉን አነሣ። ኢዋሴ አዎም አይደለምም ሲል ተሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ለዚህም ነው በየዓመቱ የሚመረጠው። «አሁን ስለ ዕቃ የምናወራበት ሰዓት አይደለም» አለ። «አሁን የምናወራው ስለ ማኅበሩ መንፈስ ነው።»

እኛ ዘንድ አንድ ሰው ሲከሰስ፣ አድርገሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ፣ «ሁላችሁንም ስላስቸገርኩ ይቅርታ» ይላል፤ ከዚያ ለጊዜው ዝም ይላል። ይህ ጥፋትን ማመን አይደለም ይባላል። ሌላው ሰው በከሰሰህ ጊዜ ለተነሣው አቧራ አንተ ይቅርታ ትጠይቃለህ ማለት ነው። ሁሉም ሰው የሃጊታን አንገት እያየ እስኪጎነበስ ይጠብቅ ነበር። አልተጎነበሰም።

«እትዬ ሃጊታ» አለ ኢዋሴ ለስለስ ብሎ፣ «ለጊዜው ቢታገሡ።»

«ምኑን ነው የምታገሠው?»

«ጠዋት ጠዋት... ማውራቱን።»

«ካላወራሁ እኮ መስመሯ ከእሳቸው ስክሪን ላይ ትጠፋለች።»

«እንግዲያውስ ጥሩ አይደል?»

«ጠፋች፣ ስለዚህ እሷ ነበረች ይባላላ።»

ኢዋሴ ይህን እንደ ሰማ ሻዩን አነሣ። ሙራማትሱ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ለማንኛውም፣ ለጥንቃቄ ያህል፣ ለዓሣ አጥማጆቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር ነግሬአለሁ» አለ። «ስም አልጠራሁም። ቱና መጋዘን የነበረች፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጇ ጀልባ ላይ የሚሠራ ሴት ናት ነው ያልኩት።»

ሃጊታ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ደረጃው ሥር ጫማዋን ለማድረግ ጊዜ ወሰደባት፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው ወርዶ ሊያነጋግራት አልሞከረም። እኔ ስወርድ ሄዳለች።

በማግሥቱ የብስክሌቷን ፍሬን ላስተካክል ቤቷ ሄድኩ። ቶሞሃሩ እዚያ ነበር፤ የጎማ ቦቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሟል።

«እማ፣ አንዴ ጎንበስ ብለሽ ብትገላገዪ ምናለበት?» አለ። «ካፒቴኑ ዓይኔን ማየት ትቷል።»

«ወገቤ ደህና ነው፤ መጎንበስ አላቃተኝም። አንድ ቀን ሞተርህ ቀጥ ቢል፣ ሰው ያልሰማኝ እናቴ አፍናብኝ ነው እያልክ ልትሰምጥ ነው?»

«ምን ላድርግ፤ ድምፅሽ ተሰማ ተባለ።»

«የት?»

«በእኛ ሞገድ ላይ።»

«አንተ ሰምተኸኛል?»

ቶሞሃሩ ቦቱን አየ። «አልሰማሁም።»

«ካፒቴንህስ?»

«እሱም አልሰማም።»

«ከጀልባዎቹ ሁሉ የሰማኝ ማን ነው?»

«ማንም። ግን ሙራማትሱ ጥሩ መሣሪያ አላቸው ይላሉ። እኛ የማንሰማውን ይሰማሉ።»

ሃጊታ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ፍሬኑን አጠበቅሁ። ከሚገባው በላይ ሳላጠብቀው አልቀረሁም፤ ተናድጄ ነበር። ሰው በሠላሳ ጀልባ ላይ ያልተሰማ ድምፁ አንድ ሣሎን ውስጥ ስለተሰማ ይከሰሳል፤ ልጁም ያምናል።

ሃጊታ ነገሩ በፈተና ይጣራ፣ ፈተናውም በሙራማትሱ ቤት፣ በሙራማትሱ ዕቃ፣ በእሷው ሰዓት ይሁን አለች። ኢዋሴም እምቢ ማለት ስለማይችል መጣ። የሙራማትሱ ሚስት አረንጓዴ ሻይና የባቄላ ጣፋጭ አቀረበች፤ ባሏን አንዴም ቀና ብላ ሳታየው ወደ ጓዳ ተመለሰች። ከሱቄ አንዲት ማዳከሚያ ይዤ ሄጃለሁ፤ ጣት የምታህል ብረት ናት፤ የሚያልፍባትን ሁሉ እኩል ታዳክማለች። ደንቡ ይታወቃል። አየር ላይ በእውነት ያለ ሞገድ እሷ የቀነሰችውን ያህል ብቻ ይወርዳል። ሣጥን ውስጥ ከሁለት የተወለደው ግን እጥፍ ይወርዳል፤ እናትም አባትም ደክመዋልና።

ሃጊታ በሰዓቷ ወጣች። ከቤቷ ሆና ከወትሮ ጓደኞቿ ጋር ስለ ጉልበቷ ጀመረች። በራሷ ሞገድ ላይ ደመቅ ያለ መስመር ታየ፤ በጀልባዎቹም ሞገድ ላይ ያቺው የፎቶዋ ቢጫ መስመር።

«ይኸው» አለ ሙራማትሱ። «ዛሬም አለች።»

ማዳከሚያዋን አንቴናው ሥር ጠመድኩ። የራሷ መስመር ዐሥር ነጥብ ወረደ። በጀልባዎቹ ሞገድ ያለው ሃያ ወረደ። አወጣኋት፤ መስመሮቹ ተመለሱ። መልሼ ጠመድኳት፤ አሁንም ዐሥርና ሃያ። ከዚያ ሁለቱንም ማጉያዎች ፈትቼ ጣፋጩ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ቢጫዋ መስመር ጠፋች። ሃጊታ ግን አልጠፋችም፤ በራሷ ሞገድ ላይ ሐኪሙ ስላዘዘላት ቅባት ማውራቷን ቀጥላ ነበር።

ሙራማትሱ ስክሪኑን ብዙ አየው። «ዛሬ አየሩ እርጥብ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ማጉያዎቹ በጣም ጥሩ ማጉያዎች ናቸው» አለ።

«ናቸው እንጂ» አልኩ። «የሌለ ሰው እስከማሰማት ደርሰዋል።»

ኢዋሴ ጽዋውን በቀስታ አስቀመጠ። «እንግዲህ ነገሩ ተፈታ። ሁለቱም ወገን በተፈጠረው አለመግባባት ቅር ብሏቸዋል ብንል፣ ማንም አይጎዳም።»

ንግግሯን ስትጨርስ ደወልኩላትና ውጤቱን ነገርኳት። ከዚያ ሊቀመንበሩ ያለውን ነገርኳት።

«እኔ ቅር አላለኝም» አለች። «እኔ ተናድጃለሁ። አለመግባባትም የለም፤ እኔ መጀመሪያውኑ ገብቶኛል። ምክትሉ ነገ ጠዋት ኅብረት ሥራው ቢሮ ይምጡ። የነገሩት እዚያ ነው፣ ቃላቸውን የሚያነሡትም እዚያ ነው።»

በማግሥቱ እኔ፣ ሃጊታና ሙራማትሱ እዚያ ተገኘን። የቢሮው ሬዲዮ ሠራተኛ ሶጋ ይባላል፤ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ ጀልባዎቹን ሲያነጋግር ይውላል። ውጭ የበረዶ መፍጫው ይጮኻል። ሙራማትሱ ክራቫት አሥሮ ነበር። ሶጋ ፊት ቀርቦ በጥሩ ሁኔታ ተጎነበሰና፣ «ስለዚያ ጉዳይ፣ መፍትሔ ተገኝቷል» አለ።

ሶጋ ፊቱ በራ። ወደ ሃጊታ ዞሮ እሱም ተጎነበሰ። «በጣም እናመሰግናለን እትዬ፤ ስላቆሙልን።»

ሃጊታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ምክትል» አለች፣ «መፍትሔ አይበሏቸው። ምን እንደነበረ ይንገሯቸው።»

«መሣሪያዎች በአንዳንድ ሁኔታዎች...»

«የማን መሣሪያ?»

«የኔ።»

«ያ ድምፅ የት ነበረ?»

«ቤቴ።»

«ቤትዎ የት?»

«...ሣጥኑ ውስጥ።»

«ከሣጥኑ ውጭስ?»

ሙራማትሱ በመስኮቱ በረዶውን አየ። ሶጋ ሻይ ልቅዳ ብሎ ግማሽ ተነሥቶ ተመለሰ።

«አልነበረም» አለ ሙራማትሱ።

ሶጋ ሁለቱን አፈራርቆ አያቸው። «እንዴ፣ ከተነገረን ወዲህ እኮ ሞገዱ ጥርት ብሏል። ካፒቴኖቹ ሁሉ ይላሉ።»

«እኔ አንድም ጠዋት አላቋረጥኩም።»

ሶጋ አሰበ። በቅን ልቦና ነው ያሰበው፣ እመሰክርለታለሁ። «ታዲያ ያቆመው ማነው?» አለ።

በሩ ላይ ቶሞሃሩ የበረዶ ሣጥን ተሸክሞ ቆሟል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላየሁም። ሣጥኑን መሬት አስቀመጠው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና የሶጋን ማይክሮፎን አነሣ።

«ሁላችሁም ስሙ፣ የሃጊታ ልጅ ነኝ» አለ። «እናቴ በዚህ ሞገድ ላይ ወጥታ አታውቅም። ወጣች ያሉት ሰው እዚህ ቆመው አልወጣችም ብለዋል። እኔም አምኜ ነበር፤ እኔም ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ጨረስኩ።»

ሙራማትሱ ክራቫቱን አስተካከለ። «ይህ ሞገድ ለግል ጉዳይ አይፈቀድም» አለ። «ሕግ ነው።»

ማንም ዞሮ አላየውም። ድምፅ ማጉያው ተንቋቋና የካፒቴኑ ድምፅ መጣ፤ ከጀርባው የሞተር ጩኸት አለ።

«ተሰምቷል። በረዶውን ይዘህ ና እንጂ አንተ፤ ዓሣው ሊበላሽ ነው።»

ቶሞሃሩ ሣጥኑን አነሣ። ሃጊታ ያን ጊዜ ከወንበሯ ተነሥታ በሩን ከፈተችለት።