የተቆላ አፈር

ሴትዮዋ በችግኝ ጣቢያው ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራዋ አፈር መቁላት ነበር፤ የተሰነጠቀ በርሜል፣ ከሥሩ እሳት፣ በእጇ አካፋ። በአፈር ውስጥ ያለ በሽታ ችግኝ ይገድላል ስለተባለች፣ እፍኝ አፈር እንኳ ሳይቆላ በእጇ አልፎ አያውቅም። ሠራተኞቹ «አፈር ቆዪዋ» ይሏታል፤ ትስቃለች እንጂ አትቀየምም።

ችግኞቹ ጣቢያው ውስጥ ሲያዩዋቸው ያስጎመጃሉ። ጣቢያው መልሶ እንዲያለማው በተሰጠው፣ ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ በተተወው ካባ ላይ ሲተከሉ ግን ድርቅ ይላሉ። አንድ ዓመት በፀሐዩ፣ አንድ ዓመት በፍየል ይሳበባል። ዘንድሮ ኃላፊው ቁርጡን ነገራት፤ «አሁንም ከሞቱ ጣቢያው ይዘጋል። እኔም አንቺም ወደ ቤታችን።»

እሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ካባው ላይ ወጥታ የአምናዎቹን ሙታን አንድ በአንድ ነቀለች። ሥሮቻቸው ራቁታቸውን ናቸው። ዳር ላይ፣ ካባው ሲቆፈር ከተረፈ አንድ አሮጌ ዛፍ አጠገብ የተተከለችው አንዲት ችግኝ ብቻ ለምልማለች። ጫር ጫር አድርጋ ብታይ፣ ሥሯ ላይ ከጥጥ የቀጠነ፣ ሻጋታ የመሰለ ነጭ ክር ተጠምጥሟል፤ ክሩ ወደ አሮጌው ዛፍ ይሄዳል። አፈሩን አሸተተችው። ዝናብ ዝናብ ይላል። እሷ የቆላችው አፈር ምንም ሸትቶ አያውቅም። ይሄኔ ክው አለች፤ በእሳቷ በሽታውን ብቻ ሳይሆን፣ እንደዚህ ክር ያለውን ችግኙን የሚያኖረውንም ነፍስ ስትፈጅ ከርማለች።

በማግስቱ ከዛፉ ሥር ሁለት ጆንያ አፈር ይዛ መጣች።

«በሽታ ልታስገቢብን ነው?» አለ ኃላፊው።

«ጋሼ፣ በየችግኙ እፍኝ እፍኝ ብቻ ነው የምጨምረው። ግማሹን ችግኝ ለእኔ ይተዉልኝ።»

«አይሆንም አልኩ!»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ያባርሩኝ» ብላ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች፤ ወይ ፍንክች! ሰውየው አስፈራራ፣ ለመነ፣ በመጨረሻ ደከመውና «እንደፍጥርጥርሽ» ብሎ ሄደ።

በክረምቱ ችግኞቹ ሁሉ ካባው ላይ ተተከሉ፤ ዝናቡ አልፎ በጋው ገባ። በተቆላ አፈር ብቻ ያደጉት ደረቁ። የእሷዎቹ ቆሙ፤ እንዲያውም በዙሪያቸው ማንም ያልዘራው ሣርና አበባ በቅሎ ባዶውን ድንጋይ ሸፈነው። ኃላፊው ተንበርክኮ ቅጠሉን ዳበሰ።

«ምን ብትጨምሪበት ነው?»

«ምን እጨምራለሁ? የገደልኩትን ነው የመለስኩት» አለች። «ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ጋሼ፣ በእነዚህ እጆቼ።»

እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ወደ ጣቢያው ወርዳ እሳቱ ላይ ውሃ ደፋችበት፤ አካፋዋንም ይዛ ወደ አሮጌው ዛፍ ወጣች።