ያለ አስተርጓሚ

አስቻለች ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ለሕክምና ተማሪዎች ጋዋን ትሰፋለች። ሊለካ የገባ ተማሪ ሁሉ ሳይፈተን አይወጣም። ሜትሯን ትከሻው ላይ ዘርግታ፣ «እስቲ የኔ ጌታ፣ መስጠትና መላክ በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚለያዩት?» ትለዋለች። አንዱ የነገራትን ሌላው ያፈርስባታል፤ ማታ ቤቷ ስትገባ ጭንቅላቷ ውሉ የጠፋበት ክር ሆኖ ነው።

በመጨረሻ ወንድም ዳኜ ዘንድ ሄደች። ዳኜ ከሰዓት በኋላ በቸርቿ ግቢ እንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ የውጭ ሰባኪ ሲመጣ ደግሞ ጎኑ ቆሞ የሚያስተረጉም ሰው ነው።

«እህት አስቻለች፣ ለአንድ ስልክ ብለሽ ይኼን ሁሉ ምን አደከመሽ?» አላት። «እኔ አለሁልሽ አይደል? አጠገብሽ ተቀምጬ አስተረጉምልሻለሁ።»

«አይ ወንድም ዳኜ። አስተርጓሚስ ያኔም ነበረኝ።»

ያኔ ማለት አገሯ ከምባታ ሳለች፣ ባሏ ሞቶ፣ እሷም ሳንባዋን ታማ አልጋ ላይ የወደቀችበት ጊዜ ነው። ልጇ ኢየሩ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ከአንድ የጉዲፈቻ ድርጅት የመጡ ፈረንጆች በእንግሊዝኛ ብዙ አወሩ፤ አብሯቸው የመጣው ምላሰ ለስላሳ ሰውዬ ግን አሳጠረላት። «ተምራ፣ ትልቅ ሰው ሆና ወደ አንቺ ትመለሳለች» አላት። ፈረንጆቹ ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አታውቅም። ልጇን ትምህርት ቤት የላከች መስሏት ፈረመች። ሲሻላት ልትጠይቃት አዲስ አበባ መጣች፤ ቢሮው ተዘግቶ አገኘችው፤ ምናልባት ወሬ ይሰማ ይሆናል እያለች ጉለሌ ቀረች። ከዚያ ወዲህ በሁለት ሰዎች ቃል መካከል የሚገባ ሰው አታምንም፤ ማን ይፈርድባታል?

አሁን ኢየሩ ውጭ አገር አድጋ፣ በሰው በሰው አፈላልጋ አግኝታታለች። እሁድ ከቸርች በኋላ በቪዲዮ ሊተያዩ ነው። አስቻለች የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልጣልኩሽም ብላ በገዛ አፏ መንገር።

ስለዚህ ዳኜን ፋታ ነሳችው። «በእንግሊዝኛ ‹ጠበቅኩሽ› ብላት፣ ጠብቄ ጠብቄ የተውኳት አይመስልም?» አለችው አንድ ቀን።

«ያለቀ ነገር ከሆነ እንደዚያ ነው የሚባለው። እስከ ዛሬ የቀጠለ ከሆነ ሌላ አባባል አለው።»

«አላለቀም» አለችው።

ዳኜ ሰሌዳው ላይ ጻፈላት።

እሁድ ደረሰ። ዳኜ ስልኩን አገናኘላት፣ በመጽሐፍ ቅዱሱ አስደገፈውና ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አንዲት ግንባሯ ቁርጥ የሟች ባሏን የሆነ ወጣት ብቅ አለችና በእንግሊዝኛ፣ «እንዴት ነሽ?» አለቻት።

አስቻለች ብድግ አለች። በልጅነቷ መምህር ገብቶ በእንግሊዝኛ ሰላም ሲል ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ ነበር የሚመልሰው፤ ተቀምጦ መመለስ እንደሚቻል የነገራት የለም። ቆማ፣ «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ መምህር» ብላ በእንግሊዝኛ አንበለበለችው። ስልኩ ላይ የሚታየው ቀሚሷ ብቻ ነበር። ልጅቷ ከልቧ ሳቀች። አስቻለች በሐሳቧ ይዛ የኖረችው የሕፃን ሳቅ ነበር፤ ይኼኛው የትልቅ ሴት ሳቅ ነው። ሁለቱንም ፈለገቻቸው፣ በመካከል ያመለጧትንም ሁሉ።

ተቀምጣ በእንግሊዝኛ ተናገረች። አልጣልኩሽም አለች። ትመለሳለች ብለውኝ ነው አለች። ይኸው እስከ ዛሬ እየጠበቅኩሽ ነው አለች። አንድም ቃል አልተደናቀፈባትም። ዳኜ በተቀመጠበት ራሱን እየነቀነቀ አደመጣት።

ኢየሩ ወደ ስልኩ ቀረበች። ዐይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ የሆነ ነገር ተናግራ ተነሣችና ከስልኩ ጠፋች። ባዶ ወንበር ቀረ።

ዳኜ ጉሮሮውን ጠረገ። «እ... ማለቴ፣ ቤት ያለ ሰው ልጥራ ነው ያለችው።»

«ወንድም ዳኜ፣ እናቴን ልጥራት ነው ያለችው» አለች አስቻለች።

ገብቷታል፤ አንዲት ቃል ሳታመልጣት። ቢሆንም ልጇን ያሳደገችው ሴትዮ ስትመጣ ደህና ሰው ሆና እንድታገኛት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስተካከለች፣ ባዶውን ወንበር እያየችም ቁጭ አለች።