ተቃጠለ የተባለው ፊልም

«ትንሽ ወደ ላይ፣ ጋሼ። እዚያው ላይ ይያዙልኝ» አለች ጃለኔ ከመሰላሉ ላይ ሆና።

አቶ ወልደአማኑኤል በወረቀት የተጠቀለለውን ትልቅ ፍሬም ከሥር ደገፉት። ልጅቷ ምስማሩ ላይ ካሳረፈችው በኋላ ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ገለጠችው። መጀመሪያ ባርኔጣ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ሳቅ የሞላው የጎልማሳ ፊት፤ ከዚያ ደግሞ ትከሻው ላይ እጇን አሳርፋ የቆመች የሃያ ዓመት ልጅ። አቶ ወልደአማኑኤል እጃቸውን ከፍሬሙ ማንሳት ረሱ።

«የኤግዚቢሽኑ ዋና ፎቶ ይሄ ነው» አለች ጃለኔ እየወረደች። «ማለቴ፣ ከሰጡን ኔጋቲቮች ሁሉ እንደዚህ የሚያምር የለም። ሰርፕራይዝ ላደርግዎት ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አቶ ወልደአማኑኤል ካዛንቺስ ውስጥ አርባ ዓመት ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን፣ ከሱቃቸው ያወጡት አንድ ካሜራና አሥራ አንድ ካርቶን ብቻ ነበር። ካርቶኖቹ ውስጥ የነበሩት ተነሥተው ያልተወሰዱ ፎቶዎችና ኔጋቲቮቻቸው ናቸው። በዚህ የሕዝብ የሥዕል አዳራሽ ኤግዚቢሽን የምታዘጋጀው ጃለኔ ይህን ሰምታ ቤታቸው ድረስ መጣች። ፎቶዎቹን ልክ እንደ ፈረሰው ሰፈር በየቅያሱ ለይታ ልትሰቅል፣ የጥንት ጎረቤቶችን በእድሩ ስልክ ዝርዝር እየደወለች ልትጠራ፣ ወሩ ሲያልቅም ለየባለቤቱ ልትሰጥ አሰበች። እሳቸውም ካርቶኖቹን ሳይከፍቱ አስረከቧት። ያ ፎቶ ከመካከላቸው በአንዱ ውስጥ እንዳለ ያውቁ ነበር። ከሁለት ሺህ መካከል ማን ያየዋል ብለው ነው።

«ይሄን አውርጅው» አሏት።

«ለምን? በሁለት ሰዓት ውስጥ እኮ በር ይከፈታል።»

«ልጅቷን አውቃታለሁ። ሙሉመቤት ትባላለች። ሰውየው አባቷ ናቸው፣ አቶ ካሳይ።»

የጃለኔ ዓይን በራ። «በቃ፣ ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ካርቶን ውስጥ ተገኘ ይሏታል። ስሟ ዝርዝሩ ላይ ካለ ትመጣለች።»

አቶ ወልደአማኑኤል ፊታቸውን ከፎቶው አዞሩ። ሄደው ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ።

ነገሩ የሆነው በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ ነው። ያኔ እሳቸው ሃያ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ሙሉመቤት አባቷን ይዛ መጥታ ፎቶ ተነሡ። ፊልሙን ያጠቡ ዕለት፣ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ያላነሡት ዓይነት ፎቶ ከውሃው ውስጥ ቀስ እያለ ወጣላቸው። በሳምንቱ ልጅቷ ልትወስድ ስትመጣ ግን፣ ፎቶውን ከሰጧት መሄዷ ነው ብለው አሰቡ። «ፊልሙ ተቃጠለብኝ» አሏት። «ከአባትሽ ጋር ተመልሳችሁ ኑ፤ በነፃ አነሳችኋለሁ።» ዳግመኛ ሊያዩዋት ፈልገው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም። ስትመለስ ፎቶውን ከመሳቢያ አውጥተው ሊያሥቋት ነበር።

አቶ ካሳይ ሹፌር ነበሩ። በዘጠነኛው ቀን አዋሽ መንገድ ላይ መኪናቸው ተገልብጦ ሞቱ።

ሙሉመቤት ጥቁር ለብሳ መጣች። «ሌላ ፎቶ የለውም። ከፊልሙ ትንሽ እንኳ የተረፈ ነገር አይኖርም?» አለቻቸው። የለም አሉ። ከአርባው በኋላ እንደገና መጣች፤ አሁንም የለም አሉ። ውሸቱ አባቷ ሲሞቱ ከቀልድነት አልፎ ሌላ ነገር ሆኖባቸው ነበር። ቆይታ አገባችና ወደ ሳሪስ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በየለቅሶው ሲገናኙ ሰላም ትላቸዋለች።

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ።

ሰዉ ድምፁን ቀንሶ ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን አዳራሹ ሰፈር ሆነ። ከከፍተኛዎቹ መስኮቶች የሚወርደው ብርሃን ወለሉ ላይ እንደ ውሃ ተኝቷል። ሰዎች በፎቶዎቹ መካከል በዝግታ ይሄዳሉ፣ የሌለ አጥር ይዞራሉ፣ የሌለ በር ላይ ቆመው ያወራሉ። «ይሄኛው ዳቦ ቤቱ ነው፤ የእናንተ ቤት ከሱ ቀጥሎ» ትላለች አንዷ በጣቷ ባዶ አየር እያሳየች፣ ጓደኛዋም አዎን ትላለች። አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን የአሥራ ስምንት ዓመት ፊት አግኝተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ከፊቱ ቆመዋል። አቶ ወልደአማኑኤልን የሚያልፉ ሁሉ እጃቸውን ይጨብጧቸዋል። ሱቃቸው ደጃፍ የተቀመጡ መሰላቸው።

ከዚያ ሙሉመቤትን አዩዋት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጅነቷን ያሳለፈችበትን የዳቦ ቤቱን ቅያስ አልፋ፣ ወፍጮ ቤቱ ፎቶ ጋ ታጥፋ መጣችና ከአባቷ ፊት ቆመች። ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰችም። አቶ ወልደአማኑኤል ተነሥተው አጠገቧ ሄዱ።

«ተገኘ?» አለች ፊቷን ሳታዞር።

አዎን ማለት ይበቃ ነበር። ቃሉ ምላሳቸው ላይ ነበረ።

«አልጠፋም ነበር» አሉ። «ፊልሙም አልተቃጠለም። ዋሽቼሽ ነው።»

«ለምን?»

«ተመልሰሽ እንድትመጪ። ከዚያ አቶ ካሳይ ሞቱ። ከዚያ በኋላ መናገር አቃተኝ።»

ሙሉመቤት አሁን ዞራ አየቻቸው። የምትቆጣ መስሏቸው ጠበቁ፤ እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ከቁጣ ይልቅ ያ አተያየቷ ከበዳቸው።

«ልጆቼ አያታቸው ምን እንደሚመስል ሲጠይቁኝ፣ የማወራላቸው ፊት ቀስ በቀስ የራሴ ፈጠራ ሆኖ ነበር» አለች። ቀጥላም፣ «ምን ብለኸው ነው እንደዚህ የሳቀው?»

«አይንቀሳቀሱ አልኳቸው። ልጄ ትከሻዬ ላይ እጇን አሳርፋ እንዴት ዝም ብዬ ልቀመጥ አሉኝ።»

ሙሉመቤት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ጃለኔ ፈገግ ብላ እየቀረበች ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ቆም አለች።

«ልውሰደው» አለቻት ሙሉመቤት።

«እንዴ፣ በርግጥ የእርስዎ ነው። ግን ኤግዚቢሽኑ ወር ይቆያል። ነገ ሌላ አሳትሜ ልላክልዎት?»

«ከእሱ ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆየ፤ ዛሬ ከኔ ጋር ይደር።»

ጃለኔ አቶ ወልደአማኑኤልን አየቻቸው። እሳቸው መሰላሉን አምጥተው ነበር። ሦስት ደረጃ ወጡ፣ ፍሬሙን ከምስማሩ አነሡ፣ ወርደውም በሁለት እጃቸው ሰጧት። ሙሉመቤት ደረቷ ላይ አቅፋው፣ ሰላምታ ሳትሰጥ፣ በሰዉ መሃል ወጣች።

«እዚህ ምን ልስቀል?» አለች ጃለኔ። «ባዶ ሆነ እኮ፣ ጋሼ።»

«ተይው።»

ወንበራቸውን ከመስኮቱ ሥር ጎትተው ከባዶው ግድግዳ አጠገብ አኖሩት። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ወጣት ከእናቷ ጋር መጣችና ምስማሩን አየች።

«አባባ፣ እዚህ ምን ነበር?»

አቶ ወልደአማኑኤል ከራሳቸው ጥፋት ጀምረው ይነግሯት ጀመር።