ሳሎን ውስጥ ያለው ባሕር

አባትየው ለልብ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ሲገቡ ለሴት ልጃቸው ያስረከቡት የቤታቸውን ቁልፍ ብቻ አልነበረም፤ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ የያዘውን የመስታወት ገንዳም ጭምር ነበር። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ የፈጁ መካኒክ ናቸው። ባሕር ላይ ኖረው ባሕሩን በቅጡ ሳያዩት ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ባሕሩን ራሱን ቤታቸው አመጡት። ጨዋማ ውኃ፣ ብርቱካናማ ዓሦች፣ ድንጋይ የሚመስሉ ግን ነፍስ ያላቸው ኮራሎች። ከኮራሎቹ ሁሉ ትልቋን፣ እንደ ቀሚስ ጠርዝ የምትሸበሸበውን፣ «አሮጊቷ» ነው የሚሏት። ሟች ባለቤታቸው መርጠው ያስገቧት እሷ ነበረች።

ነርሶቹ አልጋውን እየገፉ ሲወስዷቸው ስለ ራሳቸው አንድም ነገር አልተናገሩም። «አሮጊቷን አደራ» ብቻ አሉ።

ልጅቷ፣ ልጅ ትባል እንጂ ፀጉሯ ገብስማ ከሆነ ቆይቷል፣ ጥልፍ ሠሪ ናት። ስለ መርፌና ክር ብትጠየቅ መልስ አያልቅባትም፤ ስለ ዓሣ ግን የምታውቀው እንደሚበላ ብቻ ነበር። በአደራ የተቀበለችው ነገር ተራበ መባልን ፈርታ ምግቡን ጠዋት ማታ ታዘንብላቸው ጀመር። ዓሦቹ ጠግበው ትተውት ይሄዳሉ፤ የተረፈው ድንጋይ ሥር ገብቶ ይበሰብሳል። ብዙም ሳይቆይ መስታወቱ አረንጓዴ ሆነ። ወለወለችው፤ ተመለሰ። ከዚያ ድንጋዮቹ ላይ እንደ ፀጉር የሚረዝም አልጌ በቀለ። ብትነጨው ባሰበት። በመጨረሻ አሮጊቷ ላይ ወጣና ከጠርዟ ጀምሮ ይሸፍናት ገባ።

አባቷ ሥራ ስትጨርስ ጠብቀው ይደውላሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል። «አሮጊቷ እንዴት ዋለች?» ይላሉ። ሐኪሙ ደግሞ ልባቸው እስኪጠና ድረስ ክፉ ወሬ እንዳይሰሙ፣ እንዳይደነግጡ ጠበቅ አድርጎ አስጠንቅቋታል። ስለዚህ ደህና ናት፣ እንዲያውም አምሮባታል ትላቸዋለች። አንዱ ውሸት ሌላውን እየወለደ መጣ፤ ዓሦቹ ወፈሩ፣ ውኃው ጠራ፣ አሮጊቷ አዲስ ጠርዝ አወጣች። ስልኩን በዘጋች ቁጥር ገንዳውን ላለማየት ፊቷን ታዞራለች።

አንድ ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፍፎ ያገኘችው ቀን ለወንድሟ ደወለች።

እናታቸው ካረፉ ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር። እናትየው ታመው ሲማቅቁ እሱ ብቅ አላለም፤ የመጣው ለቀብር ነው። በዚያን ቀን ሰው ሁሉ በሚሰማበት «ቀባሪስ መቼ አጣን?» ብላው ነበር። ቃሏ አጥንት ሰብሮ ገባ፤ እሱም ሳይመልስላት እንደ ቆመ ሄደ። አሁን ግን ፓምፕና ቱቦ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበራትም። ወንድሟ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ጢሙ የሸበተ፣ በር የሚሞላ ሰውዬ ሆኖ ሳለ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ነው የሚለው።

ማሙሽ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ መጣ። ሰላምታው ከአንገት በላይ ነበር። ጎንበስ ብሎ ገንዳውን ሲያይ ቆየና ምን ያህል እንደምታበላቸው ጠየቃት። ነገረችው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባው፤ ግን እጅጌውን ብቻ ሰበሰበ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

በስልኳ ያየችውን አሳየችው። እንዲህ ያለ ገንዳ ያላቸው ሰዎች አልጌውን ማሳደድ ትተው ሌላ ቤት ይሠሩለታል። ገንዳው አናት ላይ ሳጥን ያስቀምጣሉ፤ ሳጥኑ ውስጥ ሻካራ መረብ ይሰቅላሉ፤ ውኃውን በፓምፕ ስበው መረቡ ላይ በስሱ ያፈስሱታል፤ ኃይለኛ መብራትም ያበሩበታል። አልጌው ከገንዳው ይልቅ እዚያ ይመቸዋል። በውኃው ውስጥ የሟሟውን ቆሻሻ እየበላ መረቡ ላይ ያድጋል፤ ባለቤቱ መረቡን አውጥቶ ፍቆ ይጥለዋል። ገንዳ ውስጥ የቀረው አልጌ ምግብ አጥቶ ይከሳል።

«እሾህን በእሾህ» አለ ማሙሽ። ከመጣ ፈገግ ያለው ያኔ ነው።

ሥራውን ተካፈሉት። መረቡ የእሷ ነበር፤ ጀማሪዎችን ጥልፍ የምታስተምርበት የፕላስቲክ መረብ። አልጌው ሥር የሚይዝበት እንዲያገኝ ሁለቱንም ፊቱን በመጋዝ ጥርስ ፈቀፈቀችው። እጇ የለመደው ማሳመር ስለሆነ ሆን ብሎ ማበላሸቱ ጨነቃት። ማሙሽ ቱቦውን በብረት መጋዝ በቁመቱ ሰነጠቀና የመረቡን አናት ስንጥቁ ውስጥ ሰካው። እሷም የክር ማስቀመጫ ሳጥኗን አራግፋ ሰጠችው። ፓምፑ ሲነሳ ውኃው ከስንጥቁ ወጥቶ እንደ ስስ መጋረጃ መረቡ ላይ ወረደ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት።

የተጋጩት መብራቱ ላይ ነው። ማሙሽ አምፖሉን ከሳጥኑ አፍ በላይ በፕላስተር ለጠፈው፤ ገመዱም ቀጥ ብሎ ወርዶ ወለሉ ላይ ካለው የሶኬት ማከፋፈያ ገባ። እሷ በመብራቱና በውኃው መካከል መስታወት ይግባ አለች።

«እትዬ፣ እኔ በኤሌክትሪክ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት።»

«ጨው ውኃ ነውኮ። ፕላስተር አይዝም።»

«እሺ፣ ነገ መስታወት አስቆርጬ አመጣለሁ።»

ነገ ሥራ በዛበት፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። መብራቱ ንቅንቅ ሳይል ሲሠራ ሲያዩ ደግሞ ነገሩ ተረሳ። መረቡ መጀመሪያ ቡናማ ልጋግ ለበሰ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ፀጉር አወጣ። የገንዳው መስታወት ግን ይጠራ ጀመር። ማሙሽ በየሳምንቱ መረቡን ሊፍቅ ይመጣል። ስለ ፓምፑ ያወራሉ፣ ስለ አባታቸው ያወራሉ፤ ስለ እናታቸው ግን ሁለቱም አያነሱም።

አባታቸው የሚወጡበት ቀን ከተባለው ቀደመ። ሐኪሙ ሲፈቅድላቸው ለማሙሽ ደውለው እንዲወስዳቸው አዘዙት፤ ለእህቱ እንዳይነግር ደግሞ አስማሉት። ድንገት ገብተው ሊያስደስቷት ፈልገው ነበር።

እሷ በዚያ ሰዓት በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። አልጌው ከወትሮው በርትቶ ኖሮ የቱቦውን ስንጥቅ ዘጋው። መውጫ ያጣው ውኃ በጎን እየፈነጠቀ የሳጥኑን ጠርዝ አለፈና የመብራቱን ገመድ ተከትሎ ወረደ። ማከፋፈያው ያለበት ወለል ራሰ። ፕላስተሩም ለቀቀ፤ አምፖሉ በገመዱ ተንጠልጥሎ ከውኃው በላይ ይወዛወዝ ጀመር።

ስትገባ መጀመሪያ የሰማችው ጥዝዝታ ነው። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት። ከዚያ አባቷን አየች። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ገንዳው አጠገብ ደርሰዋል። ወለሉ ላይ የተኛው ውኃ በእሷና በእሳቸው መካከል ነው፤ ጠርዙ ከካልሲያቸው ጫፍ አንድ እርምጃ አይርቅም። ማሙሽ ሻንጣ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፈገግታው ገና ከፊቱ አልወረደም።

«ማሙሽ፣ ቆጣሪውን አጥፋ» አለች፤ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ወንድሟ ዓይኗን ተከትሎ ወለሉን አየ። ሻንጣውን ጥሎ ደረጃውን ወረደ። ቆጣሪው ያለው ታች፣ የሕንፃው መግቢያ ላይ ነው።

ልትጮህ አልቻለችም፤ ያ ገና የተሰፋ ልብ ቢደነግጥስ? ሮጣ ልትይዛቸውም አልቻለችም። ወደ ገንዳው እንዳይጠጉ በልስላሴ ለመነቻቸው።

«ቆይ እስቲ፣ ይሄ ነገር ወድቋል» አሉ ሳያይዋት። የተበላሸ ነገር ሲያዩ እጃቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ የሚሄድ ሰው ናቸው። ቀኝ እጃቸው ወደ አምፖሉ ተዘረጋ። እግራቸው ተነሳ።

«አባባ፣ ስዋሽዎት ነው የከረምኩት።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እግራቸው ወደ ነበረበት ተመለሰ። ዞር ብለው አዩዋት።

«ምን አልሽ?»

«አሮጊቷ ደህና አይደለችም። በስልክ የነገርኩዎት ሁሉ ውሸት ነው። ምግብ አብዝቼ ውኃውን አበላሸሁት፤ አልጌ ወጣባት። ግማሽ ጎኗ ሞቷል።»

 ዓይናቸው ወደ ገንዳው ሊመለስ ሲል ቶሎ ቀደመቻቸው።

«ወንበሩ ከኋላዎ ነው አባባ። ይቀመጡና ይቆጡኝ። እኔን እያዩ ይቆጡኝ።»

በእጃቸው ዳብሰው ወንበሩን አገኙትና ወደ ኋላ ተቀመጡ። ውኃው ግን እየሰፋ ነበር። የወንበሩን እግር ሲነካ አየችውና እግራቸውን ሰብሰብ እንዲያደርጉ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። በዚያች ቅጽበት ጥዝዝታው ተቋረጠ። መብራቱ ጠፋ፤ ፓምፑም ዝም አለ። እሷም የበረንዳው ደፍ ላይ ተቀመጠች።

አባቷ የቀለጠውን ማከፋፈያ አዩ፤ ከዚያ ውኃውን፤ ከዚያ እግራቸውን። መካኒክ ናቸውና ማንም ሊያስረዳቸው አላስፈለገም።  ማሙሽ እያለከለከ ተመለሰ፤ አባቱ በሕይወት መኖራቸውን ካረጋገጠ በኋላ የተላቀቀውን ፕላስተር ሲያይ ቆየ።

«ነገ ብዬ ነበር» አለ።

 ሽማግሌው በእጃቸው ወደ ገንዳው ጠቆሙ። ፓምፕ ከቆመ ዓሦቹ ይታፈናሉ፣ ቆማችሁ የምትፋጠጡት ለምንድን ነው ብለው ሁለቱንም አስነሷቸው።

እሷ በጆግ ውኃውን እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈስሰው ጀመር፤ አየር እንዲገባበት። ማሙሽ ወለሉን አደረቀና ሥራውን ከሥሩ ፈታው። ማከፋፈያውን በአዲስ ቀይሮ ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ከፎቶ ፍሬም ላይ መስታወት አውጥቶ መብራቱን ከውኃው ለየው። ገመዱን ወደ ታች ቆልምሞ አሰረው፤ ውኃ ቢከተለው እንኳ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ እንዲንጠባጠብ። ቱቦው ቢዘጋ ደግሞ ውኃው ወደ ገንዳው የሚመለስበት ሌላ ቀዳዳ አበጀለት። አባታቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ እዚህ አጥብቅ፣ እዚያ አላላ ይላሉ። ክንዷ ዝሏል፤ ማቆም ግን ፈራች።

ማሙሽ ጀርባውን እንደሰጣት፣ ብሎን እያጠበቀ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እናታችንም በስልክ ‹ደህና ነኝ ልጄ፣ አትድከም› ነበር የምትለኝ። እስከ መጨረሻው።»

ጆጉ እጇ ላይ ቆመ። እናቷ አልጋ ላይ ሆነው ስልክ ይዘው ሲስቁ ከወጥ ቤት ትሰማ እንደነበር ትዝ አላት። ለማን እንደሚስቁ አንድም ቀን አልጠየቀችም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ፣ እትዬ?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

 ውኃ መቅዳቷን ቀጠለች። ቆጣሪው ተመልሶ ፓምፑ ሲነሳና ዓሦቹ ከጥጋቸው ሲወጡ እሱ ጆጉን ከእጇ ተቀበለና ክንዷን እስኪለቃት አሸላት።

የአባታቸው ቁጣ የመጣው ኋላ ነው። ለተወሰኑ ቀናት ከእሷ ጋር የግድ ካልሆነ አልተነጋገሩም። በልተው ሲጨርሱ ወደ መኝታቸው ይገባሉ። ማሙሽ ሊጠይቃቸው በመጣበት ቀን ግን ሁለቱንም አስቀመጧቸው።

«በቢላ ተከፍቶ የቻለ ልብ እውነት አይችልም ብላችሁ ነው?» አሉ። «ከእንግዲህ የሞተውን ሞተ በሉኝ።»

ልጆቹም እሺ አሉ። እሷ አለቀሰች፤ እሳቸውም እስኪወጣላት ጠበቁ፤ ከዚያ የገንዳውን ውኃ እንድትለካ ላኳት።

አሮጊቷ ግማሽ ጎኗ እንደ አጥንት ነጥቶ ቀረ። ሌላው ጎኗ ጠርዙን መልሶ ለመዘርጋት ጊዜ ወሰደበት፤ አንዳንድ ቀን ይዘረጋል፣ አንዳንድ ቀን ተኮማትሮ ይውላል። ትኑር አትኑር ገና ማንም አያውቅም። ዓሦቹን ሽማግሌው ራሳቸው ነው የሚያበሉት፤ በቁንጥር።

ከዚያ አንድ እሑድ መረቡን ራሳቸው እንደሚፍቁ አስታወቁ። ከሳጥኑ አውጥተው፣ ውኃው እየተንጠባጠበ፣ ወደ እቃ ማጠቢያው ወሰዱት። የሚፍቁበት ማንኪያ ሁለቴ ወደቀባቸው። ልጃቸው ልትረዳቸው ብድግ ስትል ማሙሽ ቀሚሷን ያዝ አደረገ።

«ተያቸው።»

ተመልሳ ተቀመጠች። አባቷ አረንጓዴውን ፀጉር ከመረቡ በጭብጣቸው አነሱና አገጫቸው ሥር አስጠግተው ወደ ልጆቻቸው ዞሩ።

«ይሄ ከማሙሽ ጢም ይሻላል» አሉ። «ቢያንስ አልሸበተም።»