አስራ አንደኛው ረድፍ

ፈንታነሽ ማስመሪያዋን በአስራ አንደኛው ረድፍ ላይ አስተኝታ ቁጥሩን በጣቷ ያዘችው።

"ይኸ 1,240 የምን ልክ ነው አያ ዘውዱ? ጥማድ ነው ሄክታር?"

"ሄክታር የምትይውን እኔ አላውቀውም ልጄ። እኛ መሬት የምንለካው በበሬ ነው። ጸሐፊያችን የየቤቱን ጥማድ ደምሮ ጻፈ፤ እኔ ማኅተም መታሁበት።"

አያ ዘውዱ የጥድ አምባ ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ጎህ ሲቀድ ተነሥተው እስከ ደብረ ታቦር፣ ፈንታነሽ መዝጋቢ እስከሆነችበት የእርሻ ጽሕፈት ቤት፣ በእግራቸው የመጡት ስለ አንድ ደብዳቤ ሊጠይቁ ነው። ደብዳቤው እያንዳንዱ ቤት በአስር ቀን ውስጥ አራት ኩንታል ገብስ ለመንግሥት ይሽጥ ይላል። የዘንድሮው፣ የ1975 ዓ.ም. አዝመራ ግን ለአንድ ቤት ከስድስት ኩንታል አላለፈም።

"ሁለት ይቀረናል" አሉ ሽማግሌው። "አንዱን ለዘር እናስቀምጥ። በቀረችው አንዷ እስከ መስከረም ስንት ነፍስ ይከርማል?"

ፈንታነሽ ወደ ወረቀቷ ጎንበስ አለች። ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር የሞላው ወረቀት የራሷ ሥራ ነው። አስራ ስምንት ገበሬ ማኅበራት ወደ ታች፣ አስራ ሁለት ዓምዶች ወደ ጎን። የቤት ብዛት፣ መሬት በሄክታር፣ ምርት፣ ኮታ። ኮታው ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ነው። ማንም ያላዘዛትን አስራ ሦስተኛ ዓምድ በኅዳጉ ላይ አሰመረችና መሬቱን ለቤቱ ብዛት እያካፈለች ጻፈች። የመጀመሪያው አንድ ነጥብ አንድ መጣ። ሁለተኛው ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። ሁሉም አንድን እየታከከ ወርዶ ጥድ አምባ ላይ ሲደርስ አራት ሆነ።

"ለአንድ ቤት አራት ሄክታር" አለች።

"አራት ጥማድ ነው እንጂ! ያን ያህል መሬትማ ቢኖረኝ የንጉሥ አማች አልባልም ነበር?"

"ቀስ ይበሉ አያ ዘውዱ፣ እዚህ ቤት ንጉሥ አይጠራም።"

"እንግዲያ የካድሬ አማች በይኝ።"

አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው። 1,240 ለአራት ሲካፈል 310። ከጥድ አምባ የመጣው ቅጽ ላይ የልኩ ስም አልተጻፈም ነበር። ፈንታነሽ ደግሞ ኅዳር ላይ ሳትጠይቅ በሄክታር ዓምድ ሥር ገልብጣዋለች። ፊቷን ሞቃት።

ቁጥሩን በላጲስ አጥፍታ በእርሳስ 310 ጻፈች። አንዱ ሲለወጥ ሌላውም ተከትሎ ተለወጠ፤ ምርቱ፣ ኮታው፣ የአስራ ስምንቱም ድርሻ ከመቶ። የሂሳብ መኪናውን እጀታ አንድ ሰዓት ያህል አሽከረከረች። የኮታው ድምር ከ8,415 ወደ 7,485 ወረደ። ወደ ታች ደመረች፤ ወደ ጎን ደመረች። ሁለቱ ተገናኙ። በቀለም ግን አልጻፈችም። አለቃ ሳያየው ቀለም አይነካም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ደንቧ ይኸው ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ሞላ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ለምሳ ሲወጣ ወረቀቱን አየው።

"ስምንት ሺህ አራት መቶ አስራ አምስት ብዬ ለጎንደር በስልክ ተናግሬያለሁ። 'ግሩም ነው ጓድ' ተብያለሁ። አሁን ምን ልበል? ዘጠኝ መቶ ሠላሳውን አይጥ በላው?"

"የሌለ እህል አይጥ አይበላውም ጓድ ሞላ።"

ሞላ ሽማግሌውን ገልመጥ አደረጋቸውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሺ፣ ጥድ አምባን ተይው። ዘጠኝ መቶ ሠላሳውን ለአስራ ሰባቱ በትኚው። ሃምሳ ምናምን ነው የሚደርሳቸው፤ ማን ያየዋል?"

ፈንታነሽ ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችና እርሳሷን አነሣች። "ከየትኛው ልጀምር? በስም ይንገሩኝ።"

የሞላ ዓይን በረድፎቹ ላይ ወረደ። አራተኛው እናቱ የሚኖሩበት ቀበሌ ነው። እዚያ ሲደርስ ቆመና ከወረቀቱ ላይ ተነሣ።

"እንደ ነበረ መልሺው! ለመሆኑ ከታች ያለው ፊርማ የማን ነው? ያንቺ። አረምኩ ያልሽ ቀን አሻጥር ይሉሻል። በዚህ ዘመን ስሕተት የሚባል ነገር የለም። እየሸፈንኩሽ እኮ ነው።"

"ሽፋኑ ለእኔ፣ ረሃቡ ለእነሱ?"

"ወረቀቱን የሚወስደው መኪና በስምንት ሰዓት ወደ ጎንደር ይሄዳል። ስመለስ 1,240 ተጽፎ ላግኝ።" በሩን ገርብቦት ወጣ።

አያ ዘውዱ ዱላቸውን አነሡ። "ልጆች አሉሽ?"

"ሁለት።"

"እንግዲያ በእኔ ጦስ እንጀራሽ አይዘጋ። ለአገሬው የሆነውን እነግረዋለሁ፤ እግዜር ያውቃል።"

"እግዜርማ ያውቃል። ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ጥማድ ነው ሄክታር ብዬ ያን ጊዜ ብጠይቅ ኖሮ እርስዎም እዚህ ድረስ ባልለፉ። ይቀመጡ።"

ላጲሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችው። የቀለሙን ጠርሙስ ከፈተች። በእርሳሱ ላይ እየሄደች 310 ጻፈች፤ ከዚያ ሌሎቹን፣ በመጨረሻም 7,485ን። ሁልጊዜ ባዶውን የሚሄድ "ምርመራ" የሚባል ዓምድ አለ። እዚያ ላይ በደቃቅ ፊደል እንዲህ ስትል ጻፈች፦ "ጥማዱ ሄክታር ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ያረምኩትም እኔ ነኝ።" ስሟን እስከ አያቷ ጽፋ ፈረመች።

ኮሪደሩ ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊነሡ ቃጡ። "ሰውየው መጣ መሰል።"

ፈንታነሽ የጣቷን ጫፍ 310 ላይ አሳረፈችና ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችው። ንጹሕ ነው።

"ይምጣ" አለች። "ደርቋል።"