የአባቷ ቦታ

«አዲሱ መንገድ በኛ ቤት ላይ ነው አሉ የሚያልፈው፤ እውነት ነው?»

ጎረቤቷ ጋሽ አደም ይህን የጠየቋት ዱዓ አድርገው፣ አላህ ሶብሩን፣ መጽናናቱን እንዲሰጣት ተመኝተው ገና ከመቀመጣቸው ነው። ሂዳያ እሷ ተማሪ እንጂ የሸዋ ሮቢት ፕላን በእጇ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ከሳቸው በፊት ለመጡትም ይህንኑ ብላለች። የለቅሶው ድንኳን ከጠዋት ጀምሮ ሰው አልተለየውም፤ የመጣው ሁሉ ግን ወይ ስለ ካርታ ወይ ስለ መንገድ ይጠይቃታል። ስለ ሟቹ አባቷ የሚያወራት ጠፋ። እናቷን በልጅነቷ ያጣች፣ እህት ወንድም የሌላት ልጅ ናት፤ ያ ሁሉ ሰው ከቧት ብቸኝነቱ በላት።

ጥፋቱ የአባቷ የሙዐዊያ ነው። ዩኒቨርሲቲ የከተማና ክልል ፕላን ሲመድባት፣ እሷ ሕክምና ቀረብኝ ብላ ስታለቅስ፣ እሱ የሚሸጠውን ሽንኩርት ጥሎ «ልጄ ከተማ ልትሠራ ነው» እያለ ገበያውን ዞረ። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር ጎረቤቶች ስልኩን ይቀሙትና ስለ ቦታቸው ያዋክቧታል። እሱ መልሶ ይነጥቃቸዋል። «ልጄን አታድክሙብኝ» ይልና፣ «በልተሻል?» ብሎ ይጠይቃታል። አሁን የሚነጥቅላት የለም።

መርዶውን ሰምታ ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ጣርማ በር ላይ የተበላሸ መኪና የመንገዱን ዋሻ ዘጋው። ጀናዛ ደግሞ አይቆይም። ስትደርስ ወንዶቹ ቀብረው ተመልሰዋል። ሴት መቃብር አትወርድም፤ ጉብታዎቹም ስም አልተጻፈባቸውም። አጎቷን አብዱሰላምን የት እንደቀበሩት ብትጠይቀው፣ «እዚያው፣ ከወገኖቹ ጋር» ብሎ አለፋት። አባቷ የት እንደተኛ አለማወቋ ከሞቱ እኩል አንገበገባት።

ጋሽ አደም ሊነሱ ሲሉ እጃቸውን ያዘች።

«ጋሽ አደም፣ አንቱ ቀብሩ ላይ ነበሩ። አባቴ የቱ ጋ ነው ያረፈው?»

ሽማግሌው ቅድም የጠየቋት ያሳፈራቸው ይመስል፣ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ከምንጣፉ ጫፍ ጎንበስ ብለው አፈሩ ላይ በጣታቸው ይሥሉላት ጀመር።

«ይኼ መግቢያው ነው። ይኼ ትልቁ ግራር። ከግራሩ ወደ ወንዙ ወረድ ስትይ እናትሽ አለች።» አውራ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ጫን አደረጉ። «ከሷ ጎን ቦታ ነበረች፤ እዚያ አኖርነው።»

ሂዳያ ድምጿን አውጥታ አለቀሰች። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ አላለቀሰችም ነበር።

ወዲያው ከአሊዩ አምባ የመጡ ዘመዶች ሲገቡ፣ የተቀመጠው ሰው ቦታ ለመልቀቅ ተነሳ። እሷ ግን ከምንጣፉ ወርዳ ባዶው አፈር ላይ ተቀመጠች፤ እግር እንዳይረግጠው የሻርፗን ጫፍ በሥዕሉ ላይ ዘረጋችበት።